ነገርን ከሥሩ

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ኪልበርን ከሚገኘው ቤቴ ወጥቼ ወደ ሥራዬ ሳመራ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩ በጢስ ጠቁሮ አየሁ። ግሬንፌል ታወር የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ ከሌሊት ጀምሮ እየነደደ ነበር። ገና አውቶቡስ ሳልሳፈር ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ የአገሬ ሰው ነው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «እሳቱ የተነሣው ከሐበሻ ቤት ነው አሉ» አለኝ። ቀጥሎም ሁለት ሰዎች ደውለው ይህንኑ ነገሩኝ።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለኝ። እኔ ሐኪም ነኝ። ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ሰው ተረፈ ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። አንድ እሳት ከአንድ ኩሽና ተነሥቶ ያን ሁሉ ፎቅ እንዴት ሊበላ ቻለ ብዬም መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ግን «ማነው?» የሚል ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ጥያቄ ነው፤ ጥያቄዋ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ስላስከፈለችን ዋጋም ነው። የአገር ቤቱን ታሪክ በኢትዮጵያ፣ የእንግሊዙንና የሌላውን ዓለም በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሕክምናን የተማርሁት በሶቪየት ኅብረት ነው። በዚያ ዘመን በተማርሁበትም ሆነ ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ቦታዎች አንድ በሽተኛ በስሕተት ሲጎዳ የሚደረገው ነገር አንድ ዓይነት ነበር፤ ስሕተቱን በእጁ የፈጸመው ሰው ይፈለጋል፣ ይወቀሳል፣ ይቀጣል፣ መዝገቡም ይዘጋል። እንግሊዝ አገር ከገባሁ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ምርመራ እየተለመደ መጣ። በአማርኛ «ሥረ ምክንያትን መመርመር» ልንለው እንችላለን። ከምርመራው ቀጥሎ የሚመጣውም «የእርምት እርምጃ» ነው። ዘዴው ከፋብሪካ የተወሰደ ነው። በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ አንድ ማሽን ሲቆም ሠራተኞቹ «ለምን ቆመ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን ሲያገኙ እንደገና «ለምን?» ይላሉ፤ አምስት ጊዜ ያህል። የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ ዕቃ ወይም የተዘናጋ ሰው ነው። አምስተኛው መልስ ግን ሊታረም የሚችል የአሠራር ጉድለት ይሆናል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ የተናገሩት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2000 የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ሹም በነበሩት በሊያም ዶናልድሰን የተመራ ቡድን ያወጣው ዘገባ እንደሚለው፣ ከ1985 ወዲህ ቢያንስ 13 ሕሙማን ለሌላ የሰውነት ክፍል የታሰበ መድኃኒት በስሕተት በአከርካሪያቸው ውስጥ ተወግተው ወይ ሞተዋል ወይ ሽባ ሆነዋል። ዘገባው በወጣ በዓመቱ፣ በጃንዋሪ 2001፣ በኖቲንግሃም ከተማ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአከርካሪው ተሰጠውና በሚቀጥለው ወር ሞተ። ሐኪሙ ተከሰሰ፣ ጥፋቱን አመነ፣ ስምንት ወር እስራት ተፈረደበት። ይሁንና ጉዳዩን የመረመሩት ፕሮፌሰር ብራያን ቶፍት ያገኙት ከአንድ ሰው ስሕተት የሰፋ ነበር። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት መጥተዋል፤ ሐኪሙ ለቦታው አዲስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለደም ሥር የተዘጋጀው ሲሪንጅ በአከርካሪው መርፌ ላይ ያለ ምንም ችግር ይገጥማል። በሌላ አነጋገር ሐኪሙ ታሰረ፤ ሲሪንጁ ግን እንደ ቀድሞው ይገጥም ነበር። መድኃኒቱ ለአዋቂዎች በሲሪንጅ መሆኑ ቀርቶ በሚንጠለጠል ከረጢት እንዲሰጥ መመሪያ የወጣው በ2008 ነው። ሁለቱ ከቶ እንዳይጋጠሙ የሚያደርገው መግጠሚያ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለትም በ2016 ነው። «ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ መለጠፍ እርምት አይባልም። እርምት የሚባለው ደክሞት ያደረው ሐኪም እንኳ ሊሳሳት ቢፈልግ የማይችልበትን አሠራር ማበጀት ነው።

ይህን ሁሉ በስብሰባ አዳራሽ ብማረውም ወደ ልቤ የገባው በገዛ ቤቴ ነው። ያስተማሩኝም አባቴና አንድ አየርላንዳዊ ጎረቤቴ ናቸው።

ኪልበርንን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ሰፈሩ ለረጅም ዘመን የአየርላንድ ስደተኞች መናኸሪያ እንደነበር ይወቅ። እኛ ከመምጣታችን በፊት የስደትን ኑሮ በዚህ ጎዳና ላይ የኖሩት እነርሱ ናቸው። አባቴ እ.ኤ.አ. በ2003 ሊጠይቀኝ ከደሴ ሲመጣ፣ መንገድ ሲሠራ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ አየርላንዳዊ ሽማግሌ በበሬ አጠገብ ይኖር ነበር። ሁለቱ በእኔ አስተርጓሚነት ሻይ እየጠጡ ያወጉ ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌው ስለ አገሩ ታላቅ ረሀብ አነሣ። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መታው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰደደ። «በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን እህል የጫኑ መርከቦች ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ ይሄዱ ነበር» አለ። ይህን ስተረጉም አባቴ ሲኒውን አስቀመጠ። «ከደሴም ይወጣ ነበር» አለ። «የጭነት መኪናዎቹን ከቢሮዬ መስኮት አያቸው ነበር።»

አባቴ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ በ1960 ዓ.ም. ስለ ተወለድሁ የ1965ቱን ረሀብ የማስታውሰው በደጃችን በተቀመጡ ሰዎች ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ዘመን አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን እንዲህ አለኝ፤

«ልጄ፣ ሕዝቡ አለቀ የሚል ደብዳቤ ከአንድ ወረዳ መጣ። ቁጥር ሰጠሁት፤ ለሚመለከተው ክፍል መራሁት። ከሳምንታት በኋላ የተጎጂው ዝርዝር በስም ተጠናቅሮ ይቅረብ የሚል መልስ መጣ። ያንኑ ጽፌ ወደ ወረዳው ላክሁ። ዝርዝሩ እስኪሠራ የሚዘረዘረው ሰው ሞተ። ኅዳር 15 ቀን ጧት የሚኒስትሮቹን መገደል በሬዲዮ ስሰማ እሰይ አልሁ። ጥፋተኛው እኔ እንዳልሆንሁ የተነገረኝ መስሎኝ ነበር። በ1977 ደግሞ ያው ደብዳቤ መጣ። ማኅተሙ ብቻ ተለውጧል። ቁጥር ሰጠሁት።»

አባቴ የተናገረውን ከታሪኩ ጋር እናስተያየው። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናሙ ከዳ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የረሀብተኛውን ፎቶግራፍ ይዘው አዲስ አበባ ላይ ቢያሳዩም መንግሥት የአገር ስም እንዳይጎድፍ በማለት ነገሩን ሸፋፈነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምቢልቢ ያዘጋጀው ፊልም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1973 በዚህ አገር ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ግን መሸሸግ አልተቻለም። በ1966 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ያሉበት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሰነድ ማገላበጥና ባለሥልጣናትን መጠየቅ ጀመረ። በታሪካችን «ለምን?» የሚለው ጥያቄ በአደባባይና በሥርዓት የተጠየቀበት ብርቅ ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ደርግ በበኩሉ የቸኮለው ወደ ሌላው ጥያቄ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የዲምቢልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀናብሮ ለሕዝብ አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት፣ መርማሪ ኮሚሽኑ ሥራውን ገና ሳይጨርስ፣ ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነርሱም መካከል ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩበት። ብዙ ሰው እንደ አባቴ «እሰይ» አለ። ይሁን እንጂ በዚያ ሌሊት ከሰዎቹ ጋር የተቀበረ ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም ምስክርነት ነው። ደብዳቤው በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን እንዳደረ፣ ማን ማንን ፈርቶ ዝም እንዳለ ሊናገሩ የሚችሉ አፎች ተዘጉ።

ለመሆኑ ምርመራው እስከ ሥሩ ቢወርድ ምን ይገኝ ነበር? ሰው ለምን ሞተ? የሚበላው አጥቶ። ለምን አጣ? ዝናም ስለ ጠፋ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ግን ከዚህ አልፈው ጠየቁ። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት እጅግ አልወደቀም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም፤ ከወሎም እህል ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ገበሬው ግን አዝመራውንና ከብቱን በአንድነት ስላጣ መግዣ አልነበረውም። የአፋር አርብቶ አደርም በአዋሽ ዳር ያለውን የበጋ ግጦሽ ለትላልቅ የንግድ እርሻዎች ለቅቆ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍንም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የረሀብ ጥናታቸው ድርቅና ረሀብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ገበሬውን ለረሀብ የሚያጋልጠው የሚኖርበት ሥርዓት መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ አንድ «ለምን» እንጨምር። ገበሬው እንዲህ ተጋልጦ ሳለ መንግሥት ለምን አልደረሰለትም? ሹሙ የሚፈራው ከበላዩ ያለውን እንጂ ከበታቹ የሚራበውን ስላልነበረ ነው። የሚራበው ሰው ሹሙን የሚጠይቅበት ፍርድ ቤትም፣ ጋዜጣም፣ ድምፅም አልነበረውም።

ለደርግ አንድ እውነት ልመስክርለት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ከሥሮቹ አንዱን በእርግጥ ነቅሏል፤ ጭሰኝነት ቀርቷል። ሁለተኛው ሥር፣ ማለትም ዝምታው፣ ግን አልተነካም፤ እንዲያውም ጠለቀ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍልም ተደራጅቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው በ1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ጭምር ተሰምቷል። መስከረም 1977 ላይ ግን አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን እያከበረ፣ ፓርቲውን እየመሠረተ ነበርና ስለ ረሀብ ማውራት ድግሱን ማበላሸት ሆነ። ገበሬው እህሉን በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ይሸጥ ነበር፤ በሰሜን ጦርነቱ መንገዱንም ገበያውንም ዘግቶታል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። የሟቾቹ ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። በኅዳር 14 የተገደሉት ሰዎች ከሞቱ አሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጥፋተኞቹ ሞቱ፤ ጥፋቱ ግን በሕይወት ነበረ።

ከዚያ ወዲህ የታረመም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ ክፉውን ወር እንዲሻገር ማድረግን ዓላማው አደረገ። በ2015 እና በ2016 ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ቢያስፈልገውም የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ ጦርነት ወቅት ግን መንገድ ሲዘጋና ወሬ ሲታፈን ረሀብ እንደገና መጣ። ሥሩ ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ መሆኑን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ግሬንፌል ልመለስ። እሳቱ በእርግጥም የተነሣው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በቤት ቁጥር 16 ኩሽና ውስጥ ከነበረ ፍሪጅ ነው። ተከራዩም በእርግጥ ኢትዮጵያዊ ነው። አንዳንድ ጋዜጦች ስሙንና ፎቶግራፉን አውጥተው የእሳቱ ባለቤት አስመሰሉት። እኛም በየቡና ቤቱ በሹክሹክታ አነሣነው፤ ግማሻችን አፈርን፣ ግማሻችን ፈራን። ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆችም እንደነበሩ እንኳ ዘግይተን ነው ያለቀስነው።

በሰር ማርቲን ሙር-ቢክ የተመራው የሕዝብ ምርመራ ኦክቶበር 2019 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ይህ ሰው ምንም ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ አስታወቀ። የጢስ ማስጠንቀቂያው ሲቀሰቅሰው ለእሳት አደጋ ደውሏል፤ የጎረቤቶቹን በር አንኳኩቶ አስነሥቷል። ከአንድ ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል? የኩሽና እሳት በለንደን የተለመደ ነው። ያልተለመደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እሳቱ በመስኮቱ ዙሪያ ባለው የፕላስቲክ ክፈፍ በኩል ወጣ። ሕንጻው በ2016 ባለቀው እድሳት የለበሰውን የአሉሚኒየም ልባስ ያዘና ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጣራው ላይ ደረሰ። በአሉሚኒየሙ መካከል ያለው ፖሊኤቲሊን የተባለ ፕላስቲክ እንደ ማገዶ ይነድዳል። ነዋሪዎቹም «ከቤታችሁ አትውጡ» የሚለው የተለመደ ምክር እስከ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ከሌሊቱ በፈረንጆች ሰዓት አልተነሣላቸውም ነበር።

ልባሱ ለምን ተለጠፈ? የደንቡ መመሪያ ጉድለት ስለነበረበት፣ አንዳንድ አምራቾችም የፈተና ውጤትን አዛብተው ገበያውን ስላሳሳቱ። መመሪያው ለምን አልታረመም? ታሪኩ የሚመረው እዚህ ላይ ነው። በ1999 በስኮትላንድ አንድ ረጅም ሕንጻ በልባሱ ከነደደ በኋላ የፓርላማ ኮሚቴ፣ ብዙ ሰው እስኪሞት መጠበቅ እንደማይገባ አስጠንቅቆ ነበር። በ2001 በመንግሥት በኩል በተደረገ ፈተና ይኸው ዓይነት ልባስ በኃይል ነደደ፤ ውጤቱ ግን በምስጢር ተያዘ። በጁላይ 2009 በደቡብ ለንደን ላካናል ሀውስ በተባለው ሕንጻ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ ሕፃናት ነበሩ። አሟሟታቸውን የመረመሩት ዳኛ የእሳት ደኅንነት መመሪያው ተከልሶ እንዲጻፍ በማርች 2013 ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ደረሰ። ቁጥርም ሳይሰጠው አልቀረም። ግሬንፌል ሲቃጠል መመሪያው ገና አልተከለሰም ነበር። የግሬንፌል ነዋሪዎችም ከእሳቱ በፊት ስለ ደኅንነታቸው አቤት ብለው የሚሰማቸው አላገኙም። ሴፕቴምበር 2024 የወጣው ሁለተኛው ሪፖርት እልቂቱን የመንግሥትና የሌሎች ኃላፊነት የነበራቸው አካላት የአሥርተ ዓመታት ውድቀት ውጤት ነው ብሎታል።

ያን ክፍል ሳነብብ አባቴ ትዝ አለኝ። ነጻ ጋዜጣና ነጻ ፍርድ ቤት ባለበት አገር እንኳ የድሀ ሰው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እዚህ ምርመራው ምስክሮቹን ሳይገድል እስከ መጨረሻው ሄዷል።

ሰው እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል። «ሁሉን በአሠራር እያሳበብህ ጥፋተኛን ልታስመልጥ ነውን?» ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ነው። የግሬንፌል ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ፍትሕ ይጠይቃሉ፤ የፖሊሱ የወንጀል ምርመራም ከሪፖርቱ በኋላ ቀጥሏል፤ መቀጠልም ይገባዋል። «ማን?» የፍርድ ቤት ጥያቄ ነው፤ ለሞቱት እንጠይቀዋለን። «ለምን?» ደግሞ ነገ ሊሞቱ ስላሉት የሚጠየቅ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የእኛ በሽታ የመጀመሪያው ሁለተኛውን እየዋጠ ማስቀረቱ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞችም ከ2022 ወዲህ አንዲት «ሥር» ብቻ መፈለግን እየተዉ ነው፤ ዛፍ በብዙ ሥር ይቆማልና። አንዱን ሥር ነቅሎ ሌላውን መተው ምን እንደሚያመጣ እኛ ከወሎ እናውቃለን።

በስደት ያቋቋምናቸውን ማኅበራት እንኳ እንመልከት። ሒሳብ ሲጎድል ገንዘብ ያዡን እናባርራለን፤ በሁለት ዓመት ሌላ ገንዘብ ያዥ ሌላ ጉድለት ይዞ ይመጣል። ደረሰኝ በሁለት ፊርማ ይሁን የሚል አንድም ሰው አይነሣም። ማኅበር ሲከፈል «ማን ከፈለን?» እንላለን፤ ሳንከፈል የምንለያይበት ሥርዓት ለምን አላበጀንም አንልም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ሁልጊዜ ከተቃጠለ በኋላ ሲሰበሰብ ማየት ያሳዝናል።

በበኩሌ ከዚያ ማለዳ ወዲህ በምገኝበት ስብሰባ ሁሉ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ስለ ጥፋት በሚነገርበት ቃለ ጉባኤ ሦስት ነገሮች እንዲጻፉ እለምናለሁ፤ ለምን ሆነ፣ ምን ይለወጣል፣ ማን እስከ መቼ ይለውጠዋል። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ደብዳቤው ቁጥር ተሰጥቶታል ማለት ነው እንጂ መልስ አግኝቷል ማለት አይደለም።

አባቴ ወደ ደሴ ሊመለስ ዋዜማ፣ ሻንጣውን እያሰርን ሳለ፣ «እንግዲህ ሐኪም ነህ፤ እኔ ጥፋተኛ ነበርሁን?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ «የለህም፣ አባዬ» ብዬ አጽናናሁት። ዛሬ ቢጠይቀኝ እንዲያ ብዬ አላሰናብተውም። ወንበር ስቤ እቀመጥና፣ «አባዬ፣ ደብዳቤው ከእጅህ ወጥቶ ወዴት ሄደ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» እለው ነበር።